የእግር መንገድ ከመዘጋቱ ወይም ከመዞሩ በፊት፦ ለሰሜን ሸዋ ባለይዞታና መንገደኛ ዝርዝር መመሪያ

ጅሩ ላይ የእግር መንገድ ክረምትና በጋ አንድ ዓይነት ወርድ የለውም። ነሐሴ ላይ ዋልካው እግር መያዝ ሲጀምር መንገደኛው ጭቃውን ሸሽቶ አንድ እርምጃ ወደ ማሳው ይገባል። ከኋላው የመጣው ደግሞ ሁለት እርምጃ። መስከረም ሲጠባ ቀጭኗ መንገድ ጋሪ የምታሳልፍ ሆና ትገኛለች። ባለማሳው ይናደዳል፤ እውነቱን ነው። በሬውን ጠምዶ የተወሰደበትን ያስመልሳል። ችግሩ አንዳንዱ የራሱን አስመልሶ አያቆምም፤ መንገዱንም አብሮ ይገለብጠዋል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰው አህያውን እየነዳ ሲመጣ መንገድ የለም።

ጣጣው የጅሩ ብቻ አይደለም። መንዝ ላይ መንገድ በካብ ይዘጋል። ቀወት ላይ የመስኖ ቦይ ይቆርጠዋል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ጎርፍ ይበላዋል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ፣ ትናንት ሰው ያለፈበት ቦታ ዛሬ ቆርቆሮ ይመታበታል።

መንገድ መዝጋትም ሆነ ማዞር የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን የጻፍኩት በቂ ምክንያት ላለው ባለይዞታ፣ መንገድ ለተዘጋበት ሰው፣ እንዲሁም መሃል ላይ ለሚቆመው የቀበሌ ኮሚቴ ነው። ለሁሉም የምለው አንድ ነው። አሮጌው መንገድ መዘጋት ያለበት የሚሄዱበት ሰዎች ተጠይቀው፣ አዲሱም በጭነትና በክረምት ተሞክሮ ሲያበቃ ነው። ከታች ያለው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

መጀመሪያ፦ መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ሰው ሁሉንም «መንገድ» ይለዋል። በሕግ ፊት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው የሕዝብ መንገድ ነው። ማንም ይሄድበታል፤ የማንም ይዞታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1444 ጀምሮ ስለ ሕዝብ ንብረት ይደነግጋል፤ መንገዶችንም ከዚያ ውስጥ ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት ወጥቷል ተብሎ እስካልተወሰነ ድረስ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በይርጋም የግል አይሆንም። «ይሄን መንገድ አሥር ዓመት አርሼዋለሁ» የሚል ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም ማለት ነው።

ሁለተኛው የጎረቤት መተላለፊያ ነው። መሬቱ የአንድ ሰው ይዞታ ነው፤ ግን ከኋላ ያለው ጎረቤት መውጫ መግቢያ ስለሌለው በዚያ ያልፋል። ይኸው ሕግ መውጫ የሌለው ሰው መተላለፊያ እንዲሰጠው የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ በሌላው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ካሳ ይከፍላል። ይህን ዓይነቱን መንገድ ማዞር የሁለት ወይም የሦስት ቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ በአብዛኛው በስምምነት ያልቃል።

ሦስተኛው አቋራጭ ነው። እህሉ ከታጨደ በኋላ በገለባው ላይ የሚከፈት፣ ሰኔ ላይ ማሳው ሲታረስ የሚጠፋ። ባለማሳው በደግነት ነው የሚያሳልፈው። ይህን መዝጋት ይችላል። ቢሆንም አስቀድሞ መናገር ደግ ነው።

የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የይዞታ ደብተራችሁን አውጡ። በይዞታ ማረጋገጫው ላይ አዋሳኞች በአራቱም አቅጣጫ ተጽፈዋል። በሦስቱ አቅጣጫ የሰው ስም ተጽፎ በአራተኛው «መንገድ» ከተባለ፣ ይዞታችሁ እዚያ ላይ አብቅቷል። ሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት፣ ማለትም የማሳው ካርታ ያለበት ማረጋገጫ፣ ካላችሁ ካርታውን ተመልከቱ። የሕዝብ መንገድ በሁለት ማሳዎች መካከል የቀረ ክፍት ቦታ ሆኖ ይታያል። ካርታው ላይ ሁለቱ ማሳዎች ተነካክተው መሬት ላይ ግን መንገድ ካለ፣ ወይ ልኬቱ ስቷል ወይ መንገዱ በአንዱ ይዞታ ውስጥ ያለ መተላለፊያ ነው። እዚህ ላይ በእድሜ የገፉ ሰዎችን ጠይቁ። «መንገዱ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ታቦት ሲወጣ በየት ነበር የሚያልፈው? ቀብር በየት ይሄድ ነበር? ከብት ወደ ውሃ በየት ይነዳ ነበር?» በሉ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው የተጣራ መልስ ይሰጣል።

የግድ መዘጋት አለበት ወይ?

ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚበዛው ጎርፍ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ተዳፋትን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል። ኮቴና እግር ሣሩን ያጠፋዋል፣ አፈሩን ይደፈጥጠዋል። የተደፈጠጠ አፈር ውሃ አያሰርግም። ዝናብ ሲመጣ ውሃው መንገዱን መሄጃው ያደርገዋል። በመጀመሪያው ክረምት ጣት የሚያህል ቦይ ይወጣል፣ ከዚያ ጉልበት ይደርሳል። ሰው ቦዩን ሸሽቶ ጎኑን ይረግጣል፤ እዚያም ሌላ ቦይ ይጀምራል። ከታርማበር አፋፍ ወደ ደብረ ሲና የሚወርዱትን የእግር መንገዶች ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጎን ለጎን ሦስትና አራት ቦይ ሆነው ይታያሉ።

እንዲህ ያለውን መንገድ ወደ ሌላ ተዳፋት ማዞር ችግሩን ማዛወር ነው። ከማዞራችሁ በፊት ውሃውን ከመንገዱ ለማውጣት ሞክሩ። ድንጋይ በመንገዱ ላይ አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርጋችሁ ቅበሩ። የታችኛው ጫፍ ውሃው ሣር ወዳለበት ጎን እንዲወጣ ያድርግ እንጂ ወደ ሰው ማሳ አይልቀቀው። ድንጋዩ ከመሬት በላይ የሚወጣው ትንሽ ብቻ ይሁን፤ ከፍ ካለ አህያ ይሰናከልበታል፣ ሰው ደግሞ በጎኑ መዞር ይጀምራል። ቁልቁለቱ በጨመረ ቁጥር ድንጋዮቹን አቀራርቡ። ይህ ለጥቂት ሰዎች የአንድ ቀን ሥራ ነው። ብዙ መንገድ በዚህ ብቻ ይተርፋል።

ሌሎቹ ምክንያቶች ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ተራራው ከንክኪ ነፃ ተብሎ ሲከለል፣ አዲስ የመኪና መንገድ ወይም የመስኖ ቦይ ሲያልፍ፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ሲሠራ፣ ወንዝ ዳሩን በልቶ መሻገሪያውን ሲያጠፋ። እነዚህ ሁሉ በቂ ናቸው። «ማሳዬን ለሁለት ይከፍልብኛል» የሚለውም ሊታይ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ግን መዝጋትን ሳይሆን ማዞርን ብቻ ነው የሚያስጠይቀው። «ሰው በደጄ ሲያልፍ አልወድም» የሚለውን ምክንያት ብዬ አልቀበለውም።

መንገዱ ላይ ቁሙና ማን እንደሚያልፍ እዩ

ከሁሉም በላይ የሚዘለል ደረጃ ይህ ነው። ቀበሌው ስብሰባ ይጠራል፣ አባወራውና እማወራው ይመጣል፣ እጅ ይወጣል፣ መንገዱ ይዘጋል። ነገር ግን መንገዱን በብዛት የሚረግጡት እዚያ ስብሰባ ላይ የሉም። ውሃ የምትቀዳው ልጅ የለችም። እረኛው የለም። ከአጎራባች ቀበሌ ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ጭራሽ አልተጠራም።

ስለዚህ ቢያንስ አራት ዓይነት ቀን መንገዱ ላይ ዋሉ። የገበያ ቀን፣ ትምህርት ያለበት ቀን፣ እሑድ ወይም ወርኃዊ ክብረ በዓል፣ እንዲሁም ተራ የሥራ ቀን። እንደ ቀወት፣ አንኮበር ቆላና ኤፍራታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚኖርበት ቦታ ዓርብን ጨምሩ። ጠዋት ከጎህ ጀምሩ፤ ውሃ የሚቀዳው ያኔ ነው። ደብተር ይዛችሁ ጻፉ፦ ማን አለፈ፣ ምን ተሸክሞ፣ ከየት ወደ የት። ስም አያስፈልግም። «ሴት፣ ባለ ጀሪካን፣ ከምንጭ ወደ ላይኛው መንደር» ይበቃል።

ከዚያ ያላያችሁትን ጠይቁ። በየቀኑ የማያልፍ፣ ሲያልፍ ግን ሌላ አማራጭ የሌለው አለ። በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወሰደው በየት ነው? አስከሬን በየት ይሄዳል? በጥምቀት ታቦቱ ወደ ወንዝ የሚወርደው በየት ነው? ወፍጮ ቤት በየት ይኬዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ለእድሩ ዳኛ፣ ለደብሩ አስተዳዳሪ፣ ለመስጊዱ ኢማምና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይቅረቡ።

ተለዋጩን መንገድ ተሸክማችሁ ሂዱበት

ካርታ ላይ አጭር የሆነ መንገድ በእግር ረጅም ሊሆን ይችላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ በተለይ እውነት ነው፤ ከመርሐቤቴ እስከ እንሳሮ የጀማን ሸለቆ የሚያውቅ ሰው አንድ ሸንተረር ምን ያህል እንደሚያስዞር ይረዳል።

በአሮጌውና በአዲሱ መንገድ አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሸክም ይሂድ። ሰዓት ያዙ። ሃያ ሊትር ውሃ የተሞላ ጀሪካን ጥሩ መለኪያ ነው። ከተቻለ ሸክሙን በየቀኑ የምትሸከመው ሴት ትሂድበት፤ አስተያየቷም ይጻፍ። የኮሚቴ አባል ባዶ እጁን ሄዶ «ደህና ነው» ቢል እኔ አላምነውም።

ወርዱን በአህያ ፈትሹ። ሁለት አህያ ሙሉ ጆንያ ጭናችሁ ፊት ለፊት አገናኟቸው። ሳይጋጩ መተላለፍ አለባቸው። በሁለት በኩል ካብ ወይም የቁልቋል አጥር ካለ ደግሞ የበለጠ ስፋት ያስፈልጋል። ቃሬዛ የሚይዙ ሰዎች በሁለቱም ወገን ስለሚሄዱ መጠምዘዣዎቹን በባዶ ቃሬዛ ሞክሩ። እኔ ከ3 ሜትር በታች አይሁን እላለሁ፤ የጋሪ መንገድ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

በጋ ላይ የታየ መንገድ ክረምት ላይ ሌላ ነው። ዋልካ መሬት ከሆነ መንገዱ የሚያልፈው በዝቅተኛው ጫፍ ላይ ነው ወይስ በከፍተኛው? ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ አለ? ወንዝ መሻገር ካለበት ነሐሴ ላይ ይሻገራል? አንድ ልጅ በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ከማጠናከሪያ ትምህርት ወይም ከቄስ ትምህርት ከቀረ፣ ያ መንገድ ለእሱ ተዘግቷል ማለት ነው። መሻገሪያ ድንጋይ ወይም የእንጨት ድልድይ ካልተሠራ በቀር እንዲህ ያለ ተለዋጭ አትቀበሉ።

ሌላም አለ። ሴት ልጅ ብቻዋን በማታ የምትመለስበት መንገድ ከመንደር ርቆ በባህር ዛፍ ደን ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ከባድ ነገር ነው። አምስት ደቂቃ ማትረፉ አይክሰውም።

መሬቱ ከማን ይመጣል?

አዲሱ መንገድ የሆነ ሰው ማሳ ላይ ያርፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለይዞታው ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ያለአግባብ እንዳይነቀል ጥበቃ አለው። ስለዚህ «ለሕዝብ ነው» ተብሎ ብቻ የሰው ማሳ አይቆረስም።

ቀላሉ መንገድ ጠያቂው ራሱ ከይዞታው መስጠቱ ነው። ማሳዬን ለሁለት ከፈለብኝ የሚል ሰው በማሳው ጠርዝ ተመጣጣኝ መሬት ይለቃል። እንዲህ ሲሆን አሮጌውን መንገድ በምትኩ እንዲይዝ መጠየቅ ይችላል። ልብ በሉ፤ አሮጌው መንገድ የሕዝብ ስለሆነ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጣጠው አይደለም። የሚለቀው አካል መንግሥት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ነገሮች በአንድ ውሳኔ ላይ ይጻፉ፦ ይህ መንገድ ሆነ፣ ያ ይዞታ ሆነ።

መሬቱ ከሌላ ሰው የሚመጣ ከሆነ ወይ በፈቃድ ልውውጥ ይደረጋል፣ ወይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም አስለቅቆ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በደንብ ቁጥር 472/2012 መሠረት ካሳ ይከፍላል። በእነዚህ መካከል ሦስተኛ መንገድ የለም። «ሽማግሌ ለምኖት ለቀቀ» የሚባለው ካልተጻፈ፣ ልጆቹ ከአሥር ዓመት በኋላ መልሰው ያጥሩታል።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ካለ ሁለቱም ይፈርሙ። ባልየው ብቻ ፈርሞበት የተዞረ መንገድ መሠረቱ ላላ ነው።

ማመልከቻውን እንዲህ ጻፉ

ማመልከቻ ረጅም መሆን የለበትም። ግን መንገዱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ለምን እንደሚዞር፣ አዲሱ በየት እንደሚያልፍ በግልጽ ይታይ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለ……… ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ የእግር መንገድ አቅጣጫ እንዲቀየር ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በ……… ጎጥ በይዞታ ማረጋገጫ ቁጥር ……… የተመዘገበ ማሳ አለኝ። ከ……… ምንጭ ተነስቶ ወደ ……… ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው የእግር መንገድ በማሳዬ መካከል ያልፋል። መንገዱ በጎርፍ ምክንያት ቦረቦር ሆኗል፤ ውሃ ማስወጫ ድንጋይ ብንሠራበትም አልዳነም። ስለዚህ በማሳዬ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ርዝመቱ ……… ሜትር፣ ወርዱ ……… ሜትር የሆነ መሬት ከይዞታዬ ለቅቄ መንገዱ በዚያ እንዲያልፍ እጠይቃለሁ። አዲሱን መንገድ በራሴ ወጪ አስተካክላለሁ። አዲሱ መንገድ ተፈትሾ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ አሮጌውን አልዘጋም። በእጅ የተሠራ ንድፍና የመንገዱን ተጠቃሚዎች የሚያሳይ ዝርዝር አያይዣለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ያለውን ንድፍ አትናቁት። አንድ ወረቀት ላይ ምንጩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወንዙን፣ ትልልቅ ዛፎችን ሳሉ። አሮጌውን በነጠብጣብ፣ አዲሱን በቀጥታ መስመር አድርጉት። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይቶ ይረዳዋል፤ ስብሰባ ላይም ክርክሩን ግማሽ ያቀለዋል። ማመልከቻውን ስትሰጡ ቅጂው ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስደርጉበት።

ማስታወቂያና ስብሰባ

እንግሊዝ አገር በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የመንገድ ሕግ መሠረት የእግር መንገድ ሲዞር ማስታወቂያው በመንገዱ በሁለቱም ጫፍ ይለጠፋል፣ በአካባቢው ጋዜጣም ይወጣል። ተቃውሞ ለማቅረብ ቢያንስ 28 ቀን ይሰጣል። አዲሱ መንገድም ከአሮጌው በጉልህ ያነሰ ምቾት ሊኖረው አይገባም። የእኛ አገር አሠራር ሌላ ነው። በሁለቱ ጫፍ መለጠፍንና አንድ ወር መጠበቅን ግን ማንም ቀበሌ ሊያደርገው ይችላል። ወጪውም አንድ ወረቀት ነው።

አንድ ወር የምለው በምክንያት ነው። በወር ውስጥ ሁሉም ወርኃዊ በዓል አንዴ ይመጣል፤ ማኅበርተኛውም፣ ሰንበቴውም፣ እድርተኛውም አንዴ ይሰበሰባል። ወረቀቱ በመንገዱ ጫፍ ዛፍ ላይ፣ በምንጩ አጠገብ፣ በገበያው መግቢያና በአጎራባች ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ከቅዳሴ በኋላና ከጁምዓ በኋላ በቃል ይነገር። ማንበብ ለማይችለው ዋናው እሱ ነው።

ጊዜም ምረጡ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ማንም አይመጣም። ጥር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ጥሩ ነው። የተፋሰስ ሥራውም ያኔ ስለሆነ ሰው ተሰብስቦ ይገኛል።

ስብሰባውን ቢሮ ውስጥ አታድርጉት። መንገዱ ላይ ቁሙና ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሁላችሁም በአዲሱ ሂዱበት። ሴቶችን በተለይ ጠይቁ፤ ከወንዶቹ ፊት ዝም ካሉ ለብቻቸው ሰብስቧቸው። የቀረበ ተቃውሞ ሁሉ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ከጎኑ መልሱ ይጻፍ። «ወይዘሮ እገሌ ወንዙ ነሐሴ ላይ አያሻግርም አሉ፤ አመልካቹ እስከ ሰኔ መሻገሪያ ድንጋይ ሊሠራ ተስማማ» ማለት ነው። «ከተወያየን በኋላ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ብቻ የሚል ቃለ ጉባኤ ነገ ማንንም አይጠቅምም።

ውሳኔውና ካርታው

የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤውን አያይዞ ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይልካል። መዝገቡና ካርታው ያለው እዚያ ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 እና ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 159/2010 የይዞታ ምዝገባን የሚገዙ ናቸው፤ የወረዳው ባለሙያም በእነሱ መሠረት ነው የሚሠራው። ባለሙያው ቦታው ድረስ መጥቶ ሁለቱንም መስመሮች ይለካ። አዋሳኞች ሁሉ በልኬቱ ቀን ይገኙ። ቀበሌ ብቻ «ተስማምተናል» ያለው መንገድ ካርታው ካልተስተካከለ የወረቀት ላይ ክርክር ሆኖ ይቀራል። መሬቱ ሲወረስ ወይም ሲከራይ ተመልሶ ይነሳል።

ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን። ውስጡም አሮጌው መንገድ የሚዘጋበት ቀን፣ የአዲሱ ርዝመትና ወርድ፣ ማን እንደሚሠራውና ማን እንደሚጠግነው ይኑር።

ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ጉዳዩ ወደ ማዘጋጃ ቤት ያመራል። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ አረርቲ፣ ዓለም ከተማ ፕላን አላቸው፤ በፕላን ላይ ያለ የውስጥ ለውስጥ መንገድ በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሥርዓት ፕላኑ ሳይሻሻል አይዘጋም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቢፈርም እንኳ። የከተማው ድንበር ሲሰፋ በአዲስ ፕላን ውስጥ የገባ መንደር ካለ ደግሞ የድሮዎቹ የእግር መንገዶች ፕላኑ ላይ መኖራቸውን ረቂቁ ለውይይት በቀረበበት ጊዜ አረጋግጡ። ከጸደቀ በኋላ ማስለወጥ ብዙ ደጅ ያስጠናል።

መጀመሪያ ሥሩ፣ ከዚያ ጠብቁ

አዲሱ መንገድ ከጥር እስከ ግንቦት ይሠራ። ሰውን በደቦ ጥሩ። ድንጋይና እሾህ ይለቀም፣ ውሃ ማስወጫ ይቀበር፣ ዳርና ዳሩ ላይ የወሰን ድንጋይ ይተከል። ድንጋዩ ግማሹ ከመሬት በታች ይሁን፤ ሲያርሱ በቀላሉ እንዳይገፋ። የወሰን ምልክት መንቀል በወንጀል ሕጉም እንደሚያስጠይቅ በስብሰባው ላይ ይነገር። ባህር ዛፍ ግን መንገድ ዳር አትትከሉ። ቅርንጫፉ ከሦስት ዓመት በኋላ መንገዱን ያጠብበዋል፤ ሥሩም የጎረቤትን እህል ያቀጭጨዋል።

ከዚያ አንድ ክረምት ሁለቱም መንገዶች ክፍት ይሁኑ። ብዙ ባለይዞታ ይህን አይወድም፤ አንድ የምርት ዘመን ያልፍብኛል ይላል። እኔ ግን በዚህ ላይ አልለቅም። የዋልካን መንገድ ያለ ነሐሴ መፈተን አይቻልም። መስከረም መጨረሻ ላይ ኮሚቴው ይመለስና ይይ። ሰው ራሱ አሮጌውን ትቶ በአዲሱ መሄድ ከጀመረ ሥራው ተሳክቷል። አሁንም በአሮጌው የሚሄድ ከሆነ የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ጠይቁና አስተካክሉት። ከጸደቀ በኋላ አሮጌው ይታረስ። የመጀመሪያው እርሻ ከባድ ነው፤ ለዓመታት የተረገጠ አፈር ስለሆነ ደጋግሞ ማረስ ይፈልጋል።

ለጊዜው ብቻ ሲዘጋ

ከንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ፣ ድልድይ የሚሠራበት ቦታ፣ ችግኝ የተተከለበት ዳገት፤ እነዚህ ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋሉ። ሰሜን ሸዋ በመዝጋትና በመክፈት የቆየ ልምድ አለው። የመንዝ ጓሳ የተባለው የጋራ የሣር መሬት በቄሮ ሥርዓት ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ በሕዝብ የተመረጡ አባ ቄራዎች ያስጠብቁታል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም፣ ማኅበረሰቡ ጓሳውን በአዲስ መልክ እስከ ዛሬ ይጠብቀዋል። ሥርዓቱን ሰው ያከበረው ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋውና መቼ እንደሚከፈት ስለሚያውቅ ነው። የእናንተም ወረቀት ላይ እነዚህ ሦስቱ ይኑሩ። የመክፈቻ ቀን የሌለው «ጊዜያዊ» ዝግ ዘላቂ ሆኖ ይቀራል። ተራራው ሲከለልም መሃሉን የምታቋርጥ አንዲት ቀጭን መንገድ ለሰው ብቻ፣ ከብት ሳይገባባት፣ ልትተው ትችላለች። በሁለቱ ጫፍ ከብት የማያሳልፍ ጠባብ መግቢያ ማድረግ ይበቃል።

ሳትጠየቁ ከተዘጋባችሁ

አጥሩን በሌሊት አታፍርሱ። እውነቱ ከእናንተ ጋር ሆኖ ሳለ ተከሳሽ ያደርጋችኋል። በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ፤ ፎቶው ላይ የሚታወቅ ነገር፣ ዛፍ ወይም ቤት፣ ይግባ። የተዘጋበትን ቀንና ያዩትን ሰዎች ጻፉ።

ቀጥሎ ሽማግሌ። በጎረቤት መተላለፊያ ጉዳይ ሽማግሌ ከማንም በላይ ይፈታል፤ የተስማማችሁበትን ግን በጽሑፍ አድርጉና ፈርሙ። የሕዝብ መንገድ ከሆነ ሽማግሌው ሊያስከፍት ይችላል፣ እንዲዘጋ መፍቀድ ግን ሥልጣኑ አይደለም። «አስታርቀናችኋል፣ በሌላ ሂዱ» ቢሏችሁ በአክብሮት ይህንኑ ንገሯቸው።

ካልሆነ በጽሑፍ ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ፣ ከዚያ ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። በተቻለ መጠን ብዙ ሆናችሁ ፈርሙ። የአጎራባች ቀበሌ ሰዎችም ካሉበት ጉዳዩ የአንድ ሰው ጠብ ተደርጎ አይታይም። የዘጋው ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ የተወሰነበትን ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ቅጂ ጠይቁ። ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ የመመከር መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ይናገራል።

የመጨረሻው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። መንገዱ ወደ ይዞታችሁ የሚያስገባ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብላችሁ መክሰስ ትችላላችሁ። ይህ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌውም፣ ቀበሌውም፣ ወረዳውም «ዛሬ ነገ» እያሉ ሁለት ዓመት በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ዕርቁ እየተካሄደም ቢሆን የተዘጋበትን ቀን ይዛችሁ ቁጠሩ። ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ ጠበቃ ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ የነፃ ሕግ ድጋፍ አገልግሎት አማክሩ። ማመልከቻዎቹን፣ ፎቶዎቹንና የይዞታ ደብተሩን ቅጂ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ዘመድ ቤት አስቀምጡ።